በነሐሴ የመጣችው እንግዳ

ክያርታን ከወፎቹ ገደል ግርጌ ሞቶ የተገኘው ረፋዱ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተራራውን የሸፈነው ጉም በዚያው ማለዳ እንደ ተገፈፈ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ብሉቤሪ የሚባለውን ወይን ጠጅ የዱር ፍሬ ሊለቅም ወጥቶ ነበር።

መርማሪ ስቫላ ከሬሳው ይልቅ አፋፉ ላይ ብዙ ቆየች። የበሰለው ፍሬ መሬቱን አልብሶታል። ባልዲው እስከ ግማሹ ድረስ ሞልቶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ወፍ እንዳይለቅመውም በክያርታን ቆብ ተከድኗል።

ከታች ባለው የእንግዳ ማረፊያ ሚስቱ ቶርዲስና ከኮፐንሃገን የመጣችው እንግዳ ሲግኔ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል።

«ለማን ነበር የሚለቅመው?» አለች ስቫላ።

«ለእሷ ነዋ!» ቶርዲስ በአገጯ ወደ ሲግኔ ጠቆመች። «ለእኔማ መቼ ለቅሞልኝ ያውቃል?»

«ቀንተሻል።»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ። ግን ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ሊጥ ሳቦካ ነበር፤ እሷም አጠገቤ ነበረች።»

ሲግኔ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እርስዎስ ለምን ሁልጊዜ በነሐሴ ይመጣሉ?»

«እዚህ ሰሜን ጫፍ በሰኔ ፀሐይዋ አትጠልቅም፤ እንቅልፍ የለም፣ ሰውም ይበዛል። ነሐሴ ጸጥ ይላል» አለችና አቀረቀረች።

የክያርታን ታናሽ ወንድም ብራጊ ባሕሩ ዳርቻ ጀልባውን ይጠግናል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹በሰኔ ነይ፣ ዓሣ ነባሪ አሳይሻለሁ› ብዬ በደብዳቤ ለምኛታለሁ» አለ። «እሷ ግን የምትመጣው እኔ ባሕር ላይ ስሆን ነው። ማን እንደሚመክራት የማላውቅ መሰለሽ?»

«ዘንድሮ ግን አለህ።»

«ሞተሩ ተበላሽቶብኝ ከትናንት ወዲያ ተመለስኩ።»

«ገደሉ ላይ መቼ ወጣህ?»

«ከሰኔ ወዲህ አልረገጥኩትም።»

ስቫላ የሱሪውን ጉልበት አየት አድርጋ ወደ ማረፊያው ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የማረፊያው መመገቢያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አዳልጦት ቢሆን ባልዲው አብሮት በወደቀ ነበር። እሱ ግን አስቀምጦ ከደነው፤ ይህን ያደረገው የሚያውቀው ሰው መጥቶ ሊያነጋግረው ስለፈለገ ነው። ቶርዲስ፣ ብራጊ የለበሰው ሱሪ መቼ ታጠበ?»

«ትናንት። እኔው ነኝ ያጠብኩት።»

«ጉልበቱ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም የፍሬው ነው። ፍሬው ያለው አፋፉ ላይ ብቻ ነው፤ ከዛሬ ጠዋት በፊት ደግሞ በጉሙ ምክንያት ማንም አልወጣም።» ወደ ብራጊ ዞረች። «ገፍተኸው ዝም ብለህ አልሄድክም። ተንበርክከህ ቁልቁል አየኸው።»

ብራጊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«‹ነሐሴ ነሐሴ እያልክ ነጠቅከኝ› አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቁን እንዲያቆም ነው የገፋሁት።»

ሲግኔ ከወንበሯ ተነሣች።

«ብራጊ፣ ክያርታን በየዓመቱ የጻፈልኝ ‹በሰኔ ነይ፣ ወንድሜ ያኔ ነው ቤት የሚሆነው፤ ልቡ ደግ ነው› እያለ ነው። ነሐሴን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንተ እንደማትኖር ስለማውቅ።»

ብራጊ እጆቹን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«ታዲያ ክያርታን ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«እንዳይከፋህ ነዋ!» አለችው ቶርዲስ፤ ቀኑን ሙሉ አምቃ የያዘችው ለቅሶም ያን ጊዜ ገነፈለባት።