ሳይቀዳ የቀረው የፋሲካ ሰላምታ

ፍቅር በሪሲቨር ይጀመራል ቢባል ማን ያምናል? የሠናይትና የአስናቀ ግን እንዲያ ነው የጀመረው። ደብረ ታቦር ውስጥ በተከራየችበት ቤት ቴሌቪዥኑ «ምልክት የለም» እያለ ቢያስቸግራት፣ ሪሲቨሩን በሻሽ ጠቅልላ አስናቀ ዲሽ ቤት ይዛው ገባች። እሱ ደግሞ ሪሲቨሩን ትቶ እሷን አይቶ ቀረ።

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ሐኪሙ አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሳቁ። ሪሲቨሩ በዚያው ቀን ዳነ፤ አስተማሪዋ ሠናይት ግን መመላለሱን አልተወችም። ማን ይፈርድባታል!

በዓመቱ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። አስናቀን የሚያስፈራው የሠናይት እናት፣ የወይዘሮ ፈንታነሽ ነገር ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጉና ሥር፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ፣ ገብስ እያሳረሱ ሁለት ልጅ ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ታላቁ ልጃቸው ታደሰ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ሱዳን ከሄደ ወዲህ ዓይኑን አላዩትም።

ፋሲካ ሲቃረብ ታደሰ ለእህቱ ደወለ። «ቴሌቪዥን ቀርጾናል። የበዓሉ ቀን ጠዋት ለእናቴ እንኳን አደረሰሽ ስል ታዩኛላችሁ።»

ሠናይት በዓሉን ከእናቷ ጋር ልትውል ነው፤ እዚያ ደግሞ ቴሌቪዥን የለም። ወደ አስናቀ ሮጠች።

«ይሄ ምን ችግር አለው!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ኮምፒዩተሩ የቴሌቪዥን መቀበያ ካርድ ነበረው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ የሚቀዳ ፕሮግራም ጻፈላት። «ፕሮግራሙ የኮምፒዩተሩን ሲስተም ጠርቶ ‹መቀበያውን ክፈትልኝ› ይለዋል፤ ይከፍትለታል፤ ይቀዳል። በማግስቱ በሞባይሌ ጭኜ ራሴ አመጣላቸዋለሁ።»

«ሽማግሌ ሳትልክ?»

«የዲሽ ሠራተኛ ነኝ እላለኋ!»

የፋሲካ ጠዋት የአስናቀ ልብ አላርፍ አለ። ምስሉ ጥራት እንዳለው ልይ ብሎ ጣቢያውን በእጁ ከፈተ። ጥርት ብሎ መጣ። እንዳይጠፋ ብሎ እንደተከፈተ ትቶት ሱቁን ቆልፎ ወጣ። መብራት እንኳ ያን ቀን አልጠፋም! ካርዱ ግን በአንድ ጊዜ ለሁለት አይከፈትም። ሰዓቱ ደርሶ ፕሮግራሙ ክፈትልኝ ሲል፣ ሲስተሙ «ተይዟል» ብሎ መለሰው፤ ሳይቀዳ ቀረ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ባዶ እጁን ጉና ሥር ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ታደሰን ሊያይ ተሰብስቦ ነበር። አስናቀ ሳይዋሽ የሆነውን ተናገረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ክረምት ሲገባ ራሱ ይመጣ የለ! ይልቅ ብላ።»

ታደሰ ግን እንዳሰቡት አልመጣም። ግንቦት ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ሬሳው በታሸገ ሣጥን መጣ፤ አይከፈትም ተባለ። እናቱ ሣጥኑን አቅፈው «መልኩን እንኳ አሳዩኝ!» እያሉ ጮኹ። ለቅሶ ሊደርሱ ከከተማ የመጡት ደግሞ ያጽናኑ መስሏቸው፣ «እኛማ በፋሲካ አየነው፤ እየሳቀ ነበር» አሏቸው። አስናቀ ዳር ቆሞ ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አዲስ አበባ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው ድረስ ሄዶ ቅጂውን ለመነ። የለም ተባለ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የአስናቀ ሽማግሌዎች መጡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ በአክብሮት አስቀመጧቸው።

«ልጁ ክፉ አይደለም» አሉ። «ግን በዚህ ደጅ በገባ ቁጥር፣ አገር ያየው፣ እኔ ያላየሁት ልጄ ነው የሚመጣብኝ። አልችልም አባቶቼ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አታስጨንቁኝ።»

ሠናይት ወደ ከተማ ወርዳ ነገረችው።

«እንሂድ» አላት አስናቀ። «እብናት ዘመድ አለኝ፤ እዚያ ሱቅ እከፍታለሁ።»

«እወድሃለሁ፤ ከነፍሴ እወድሃለሁ። ግን ከኔ ሌላ ማን አላት? እኔም ከሄድኩባት ትሞትብኛለች።»

«እጠብቅሻለኋ።»

«አትጠብቀኝ» አለችው፣ ጠብቀኝ ማለት እየፈለገች። ምስኪኑ አስናቀ ሰው የተናገረውን የሚያምን ነውና አመናት።

ዓመታት አለፉ። ሠናይት ለጠየቃት ሁሉ እንቢ እያለች፣ በየበዓሉ ወደ እናቷ እየወጣች ኖረች። በአንዱ ፋሲካ ወይዘሮ ፈንታነሽ ሽንኩርት እየላጡ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ሠናይት።»

«አቤት እማዬ።»

«ያ የዲሽ ልጅ ደግ ነበር። የኔ አንጀት ቆስሎ ነው እንጂ እሱ ምን በደለኝ? አሁን ሽማግሌ ቢልክ እሺ እላለሁ።»

ሠናይት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች።

«አግብቷል እማዬ። እብናት ነው ያለው። ወልዷልም።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ለታደሰ ያለቀሱትን አገር ያውቀዋል። ለሠናይት ሲያለቅሱ ግን ያን ቀን ገና መጀመሪያቸው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያሉ አነቡ።

«ተይ እማዬ» አለች ሠናይት እያባበለቻቸው። «በበዓል ቀን አይለቀስም።»