የጠራው ደብዳቤ

የመምህር እንድርያስ አስከሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ውጭ በቃሬዛ ላይ ነው። እናቱ ዘነበች እግሩን ይዛ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ማታ ከገደል ሥር ሲያነሡት ኪሱ ውስጥ የኮምፒዩተር ፍላሽ ተገኘ፤ በፍላሹም የስንብት ደብዳቤ።

«በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት የለም፣ እናቴ» አሏት አባ ገብረ ሥላሴ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ዘነበች የምትሻው ልጇ ተፈትቶ እንዲቀበር ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ታንጉት ላፕቶፗን ታቅፋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማማ፣ በኮምፒዩተር ምን ይሠራ ነበር?»

«የአባቱን ድጓ ይገለብጥ ነበር። ትምህርት ቤት ይጽፋል፣ ማቴዎስ ዘንድ ያሳትማል።»

ማቴዎስ ማተሚያ ቤት አለው፤ የሟች አብሮ አደግ ነው፤ ሲያለቅስ አድሯል። የሟች ወንድም በላይነህ ግን ራቅ ብሎ ቆሟል። በእርሻ ወሰን ተጣልተው ስለነበር ሰዉ በጎን ያየዋል።

«አንተስ ኮምፒዩተር ትነካለህ?» አለችው ታንጉት።

«እኔ የምነካው ሞፈር ነው።»

ፍላሹን በላፕቶፗ ከፈተች፤ ከደብዳቤው ሌላ የድጓው ፋይል አለበት። «ማቴዎስ፣ ድጓው ለምን ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነ?»

ማቴዎስ በእንባው መሐል ፈገግ አለ። «ሁሌም እንዲሁ ነው። ፒዲኤፍ ሲያወጣ ፎንቱ፣ የፊደሉ ቅርጽ ማለት ነው፣ አብሮ እንዲቀመጥ አያዝዝም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ፊደሉ ሳጥን ይሆናል። ስንቴ ነገርኩት። ‹አንተ እያለህ ምን አስጨነቀኝ› ይለኛል።»

«ፎንቱ የት የት አለ?»

«ትምህርት ቤትና እኔ ጋ ብቻ። እኔው ነኝ የጫንኩለት።»

«ቅዳሜ መጥቶብህ ነበር?»

«ኧረ ካየሁት ሳምንቴ። ቀኑን ሙሉ ሱቄ ብቻዬን ነበርኩ።»

ታንጉት ተነሥታ ሁሉም እንዲቀርቡ ጠራች።

«ፋይል የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ይህን ሳጥን የሆነ ድጓ እንድርያስ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት አወጣው። ትምህርት ቤቱ በስድስት ሰዓት ተዘጋ፤ ዘበኛውን ጠይቄያለሁ። ደብዳቤው የወጣው በስምንት ሰዓት ነው፣ በዚያው ፎንት። የእኔ ላፕቶፕ ፎንቱ የለውም፤ ደብዳቤው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ያወጣው ሰው ፎንቱን አብሮ አስቀምጧል ማለት ነው። እንድርያስ ይህን አድርጎ አያውቅም። ፎንቱ ያለበትና ያን ሰዓት ክፍት የነበረው ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው።»

ማቴዎስ ቁጭ አለ።

«የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ስሠራ ደረሰብኝ። አፋፉ ላይ ለመንኩት። እናገራለሁ አለ፤ ገፋሁት። ከዚያ ፍላሹን ወስጄ ደብዳቤውን ጻፍኩበት፣ መልሼ ኪሱ ከተትኩት።»

«ፎንቱንስ ለምን አብረህ አስቀመጥከው?»

«እጄ ለምዶ ነው። የእሱን ፊደል ሳስተካክል ስንት ዓመቴ።»

አባ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን አወጡ። «አስገቡት» አሉ። በላይነህ ቀድሞ የቃሬዛውን ራስጌ ያዘ።

ዘነበች ተነሥታ በቤቷ ሲበላ ያደገውን ማቴዎስን አየችው።

«‹አንተ እያለህ› ይልህ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ልጇን ተከትላ ገባች።