ከቀበሮው ሥር የተጻፈው ስም

ቲልዴ የብርጭቆውን ቀበሮ ገልብጣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ከሥሩ «ኢ. ስታቭሊንድ» የሚል ፊርማ ተጭሯል። ፊደሎቹ ነጭ ናቸው፤ ጣቷን ስታሳልፍባቸው ይቆረቁራሉ።

«ይሄ መቼ መጣ?»

«ምኑ?» አለ ሜልከር፣ ቀበሮውን ጠቅልሎ ያመጣበትን ፎጣ እያጣጠፈ።

«ፊርማው ነዋ።»

«ድሮም ነበረ። አያቴ ናቸው ያስፈረሙት።»

ቲልዴ ፊርማውን ደግማ ዳሰሰችው። የካቲት ላይ የሜልከር አያት በርቲል ሲሞቱ ቤታቸውን ለማጽዳት ከሄዱት ሰዎች መካከል እሷም ነበረች። ወጥ ቤት ውስጥ የነበረውን የብርጭቆ ዕቃ በሙሉ ለብ ባለ ውኃ ያጠበችው እሷ ናት። ይሄንኑ ቀበሮ ገልብጣ በሳሙና አሽታዋለች። ሥሩ ለስላሳ ነበር፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረውም።

እሑድ ዓመታዊው ኤግዚቢሽን ይከፈታል። መንደራቸው ኤልሜፎሽ ውስጥ የብርጭቆ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰዉ ግን እዚያ ይሠሩ የነበሩትን ድቦች፣ ዓሦችና ወፎች መሰብሰቡን አልተወም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሰብሳቢዎቹ ምርጥ ምርጡን ያመጡና አሮጌው የማሸጊያ አዳራሽ ውስጥ ይደረደራል። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት በታች ለሆኑት የተተወው ማቆሚያ ግን አንድ ብቻ ነው። ዘንድሮ የተመዘገቡት ቲልዴና ሜልከር ናቸው። ቲልዴ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ በአንድ የለቃቀመቻቸው አሥራ አንድ ወፎች አሏት። ከነሱ መርጣ ጭስ የመሰለችውን ጉጉት ይዛ ወደ አዳራሹ መጥታለች።

አዳራሹን የሚያሰናዱት እትዬ ጉንቮር መጥተው ጉጉቷን አዩ፣ አደነቁ። ከዚያ ቀበሮውን አንስተው ገለበጡት። ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ።

«ስታቭሊንድ» አሉ በመጨረሻ። «በዓመት ሁለቴ ነበር ፋብሪካችን ብቅ የሚሉት። የሚሠራውን ዕቃ ንድፍ ሰጥተውን ወደ ስቶክሆልም ይመለሳሉ። ብርጭቆውን እነ በርቲል ይሠራሉ፣ ፊርማውን እኔ እጭራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሳቸውን ስም ስጽፍ ኖሬ፣ ባንክ ቤት ስሄድ የራሴ ፊርማ ይጠፋብኝ ነበር!»

ሳቁ። ሜልከር አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል።

እትዬ ጉንቮር ቀበሮውን በቀስታ አስቀመጡና አንድ ባዶ ካርድና እርሳስ ከኪሳቸው አወጡ። «የቱ እንደሚቆም፣ ካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍ እናንተው ተስማሙ። እኔ መጋረጃውን ሰቅዬ እመጣለሁ።»

ኮቴያቸው ሲርቅ ሜልከር «ነቅተውብኛል» አለ።

«እንጃ። ዓይናቸው እኮ ደክሟል።»

«ታዲያ ዝም በያ!»

«ፎርጅድ ነው ሜልከር። በእጄ ነው ያጠብኩት።»

«አዎ፣ ፎርጅድ ነው። ደስ አለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያቴ ቤት አሮጌ ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ገልብጦ አየውና ‹ይሄ ስም የለውም› አለ። ከዚያ ከማርማላታ ብልቃጦቹ ጋር ካርቶን ውስጥ ጣለው። እንደ ብልቃጥ! አያቴ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጪ የለፉበት እኮ ነው። ሰባት ጊዜ ተሰንጥቆባቸዋል። ይሄ ስምንተኛው ነው።»

«እና አንተ የሌላ ሰው ስም ጻፍክላቸው።»

የሜልከር ፊት ተለወጠ።

«ሙድ አትያዢብኝ። እውነት እውነት የምትይው ጉጉትሽ እንድትቆም ነው። አላውቅሽም?»

ቲልዴን ይሄ አመማት፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላመማት። ፊርማውን እንዳየች መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ባዶው ማቆሚያ ነበር።

ጉጉቷን አነሳች። በሹራቧ ጠቀለለቻት፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባቻትና ዚፑን ዘጋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልወዳደርም። ስታቭሊንድ ብለህ ከጻፍክ ግን እናገራለሁ።»

እርሳሱን አንስታ ካርዱ ላይ ጻፈች፦ «ቀበሮ። የሠሩት በርቲል ኦከርብሎም፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ።» ካርዱን ወደ ሜልከር ገፋችው።

ደጋግሞ አነበበው። «ሥሩን ገልብጦ የሚያይ ሰው ቢመጣስ? ምን ሊባል ነው?»

«እሱን እኔ አልጽፍልህም።»

ከአዳራሹ ማዶ የመጋረጃው ቀለበቶች ይንሿሿሉ። ሜልከር እርሳሱን አነሳ። ከዚያ ፈተና ላይ እንዳይኮርጁበት እንደሚፈራ ተማሪ ክንዱን ጋርዶ ጻፈ። ቲልዴ ለማየት አልሞከረችም።

እትዬ ጉንቮር ተመልሰው መነጽራቸውን አደረጉና ካርዱን ጮክ ብለው አነበቡ። የሜልከር መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ፦ «ከሥሩ ያለውን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የልጅ ልጃቸው ሜልከር።»

ሜልከር መሬት መሬቱን ያያል።

«ስትጭር እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሉ እትዬ ጉንቮር። «እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ።» ቀበሮውን ማቆሚያው ላይ አስቀመጡ፣ ካርዱን ፊት ለፊቱ አቆሙ፣ መብራቱን ሊያስተካክሉ መሰላል ፍለጋ ሄዱ።

ሁለቱ ልጆች ሳይነጋገሩ ወጡ። ብስክሌታቸው ጋ ሲደርሱ ሜልከር፣ «አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

የሷ ቤት በግራ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሱ ሐይቁን ዞሮ ነው። ሜልከር ዞር ብሎ ሳያያት ፔዳሉን ረገጠ። ቲልዴ ጉጉቷ እንዳትጋጭ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አዞረችና በሐይቁ መንገድ ተከተለችው።