ሴት የማትወጣበት ደሴት

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም። ክፉ አመል ነው ይሉኛል፤ ይሁን። ባል ያገኘሁበት አመል ስለሆነ አላማውም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነው። ከናዝሬት ባሕር ዳር መጥቼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሠራተኛ ማኅበራችን «የታሪክ ቅርስ ጉብኝት» ብሎ ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራየልን። በዚያ ዘመን «ገዳም ልንሳለም ነው» ማለት አያምርማ። ሊቀመንበራችን ጓድ አካሉ ጠዋት ወደቡ ላይ ቆመው ስለ ጭቁኑ ሕዝብ የእጅ ጥበብ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጀልባው ሲነሣ ግን ቀድመው ያማተቡት እሳቸው ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጠው አንዳርጋቸው ደሞዝ ነው፤ የፈትል ክፍል መካኒክ። ሲስቅ አንገቱን ይደፋል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በምጥ ነው። ሻይ አብረን መጠጣት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ዓይኑ የሚለኝን አውቃለሁ፤ አፉ ግን አንድም ቀን «እወድሻለሁ» ብሎኝ አያውቅም። እኔማ ወድጄው አልቄያለሁ።

ከሳምንት በፊት ደግሞ እንዲህ አለኝ።

«አባቴ ከደቅ ደሴት ልጅ አይተውልኛል። እስከ ሰኔ ሚካኤል መልስ ስጥ ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉልኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ዝም አልሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። አባቱ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ደሴት ላይ እንደሚኖሩ ነግሮኛል፤ የትኛው ደሴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሙሽራዋ አገር ደቅ ሲባል እሳቸውንም በሐሳቤ እዚያው አኖርኳቸው።

መጀመሪያ ዘጌ ወረድን። በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ሽቅብ ተጉዘን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። አንዳርጋቸው በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማረ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል። ሰው ይበላ የነበረው ሰውዬ አንድ እፍኝ ውኃ ለተጠማ ሰጥቶ ነፍሱ የዳነችበትን አሳየኝ።

«አየህ፣ የተጠማ ሰው ዝም ብሎ አይታለፍም» አልኩት።

ኮዳውን ከትከሻው አውርዶ ሰጠኝ። ወይ የዚህ ሰው ነገር። ምን ላድርግ፣ ጠጣሁ።

ዕቃ ቤት ውስጥ የነገሥታቱን ዘውድ ሲያሳዩን ሰው ሁሉ ዘውዱን ያያል። እኔ ቀና ስል አንዳርጋቸው እኔን ያያል። ያን ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም። እኔም አላሸሸሁም፤ አስጎብኚው ቄስ መዝጊያውን ሲዘጉ ነው የነቃነው።

ከሰዓት በኋላ ክብራን ገብርኤል ደሴት ደረስን። ክብራን ላይ ሴት አትወጣም። ወንዶቹ ዳገቱን ሲያያዙት እኛ ሴቶቹ ወደቡ ላይ ቀረን። አንዳርጋቸው ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንድ ሰው አናግሬ እመለሳለሁ፤ ስመጣ እነግርሻለሁ» ብሎኝ ሮጠ።

ጓደኞቼ እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው ይሳሳቃሉ። እኔ ለብቻዬ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ዳገቱን ዳገቱን አያለሁ። በሌላኛው መንገድ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ታቅፈው ወረዱ። የጀልባው ነጂ ተነሥቶ መስቀላቸውን ተሳለመና፣ «አባ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ» አለኝ።

አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ገለጡልኝ። ሥዕሉ እንደ ትናንት ሥራ ያበራል። ጥቂት ቅጠል ካገላበጡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ መጽሐፍ አሳይሻለሁ፤ አንቺ መንገዱን ታያለሽ። ምን ሆነሻል፣ ልጄ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም» ይል ነበር። እኔ ግን ዘረገፍኩት።

«የምወደው ሰው አለ፣ አባቴ። እሱም የሚወደኝ ይመስለኛል። አባቱ ግን ሳይጠይቁት ከደቅ ልጅ አጩለት። ይኼው በሰኔ ሊወስዱብኝ ነው።»

እጃቸው ቅጠሉ ላይ ቆመ።

«ከደቅ አልሽ? ልጁ ምን ይሠራል?»

«መካኒክ ነው፤ አንዳርጋቸው ይባላል። ጥሩ ልጅ ነው፣ አባቱ ናቸው እንጂ ድንጋይ። የልጃቸው ሆድ ምን እንደሚል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።»

«ድንጋይ» አሉ ቀስ ብለው። መጽሐፉን ዘጉት። «እስቲ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስብሽ።»

«ወለተ ሩፋኤል።»

«የልጁስ?»

አፈርኩ። ዓመት ሙሉ ስወደው የክርስትና ስሙን አልጠየቅኩትም።

«አላውቀውም፣ አባቴ።»

«ገብረ መስቀል ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኛ ያወጣሁለት። ሳልመነኩስ፣ የዓለም ስሜ ደሞዝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተንበርክኬ «ይፍቱኝ፣ አባቴ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተነሽ፤ እውነት ነው የተናገርሽው፤ አልጠየቅሁትም» አሉኝ። «እናቱ ብትኖር ትጠይቀው ነበር። እኔ ሳልሞት ትዳሩን ልይለት ብዬ ቸኮልሁ።»

አንዳርጋቸው ከላይ እያለከለከ ወረደ። ሁለታችንን አንድ ድንጋይ ላይ ሲያይ ባለበት ቆመ።

«አባ፣ እዚያ ላይ አጣሁዎ። ስለ እሷ ልነግርዎ ነበር የመጣሁ።»

«ነግራኛለች። አንተ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ ያልነገርኸኝን እሷ በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው።»

«የደቋስ ልጅ?»

«ቃል አልተሳሰርንም፤ ከአባቷ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። እሷም ብትሆን መልክህን አይታው አታውቅ፣ አታዝንብህም። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በቁርባን ተጋቡ።»

አንዳርጋቸው ዘወር አለ። ጓድ አካሉ ከኋላው ወርደው ደርሰዋል፤ ቁርባን የሚለውን ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«እኔ ዓሣ እያየሁ ነው» አሉ።

አባ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል?»

«ገና ነኝ።»

«እና ማን ይጠይቅልህ?»

አንዳርጋቸው አጠገቤ መጣ። ጆሮው ፍም መስሏል። ሴቶቹ ሁሉ ሣቃቸውን አቁመው ያዩናል።

«ፀሐይወርቅ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?»

«አልሰማሁህም፤ ድገመው» አልኩት። ሰምቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ ልለፈው እንዴ?

ጮክ ብሎ ደገመው። «አገባሃለሁ» አልኩት፤ እንባዬም አመለጠኝ። እጄን ያዘኝ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እልልታው ዳገቱን ሳይወጣ አልቀረም፤ መነኮሳቱ አንድ በአንድ አፋፉ ላይ ብቅ እያሉ ቁልቁል አዩን።

«አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ማን ናት እሷ?» አለ አንዱ ከላይ።

አባ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ ናት» አሉት።