ምጽዋ በአንድ እንቁላል

አሰለፈች አዱኛን የጠላችው ገና መልኩን ሳታይ ነው። ድምፁን ሰማች፣ በቃ፣ ጠላችው።

ዕለቱ አርብ ነው፤ አርብ ገበያ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እሷ ነጭ ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከጨው ተራው ጀርባ አንድ ወንድ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል።

«ኑ ግቡ፣ ምጽዋ ግቡ! በአንድ እንቁላል ባሕር! በአንድ እንቁላል ባቡር! ስንቅ ሳትቋጥሩ፣ እግራችሁ ሳይደክም!»

ምጽዋ ሲባል ስትሰማ ሽንኩርቷን አጠገቧ ለምትቸረችረው ለካሣነሽ አደራ ብላ ተነሳች።

ሰውዬው ረጅምና ከሲታ ነው። ፊቱ በሦስት እግር የቆመ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ላይ መስታወት የተገጠመለት አንድ ቀዳዳ አለ። ውስጡ የተደረደሩት የምጽዋ ፎቶግራፎች ናቸው። ሳጥኑን ጎንደር ላይ አንድ ፎቶ አንሺ ጣልያን ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ዕቃውን ስለጫነለት የሰጠው ነው። ቀኑ ጾም ነውና እንቁላል የሚበላ የለም፤ ለማየት የመጣ ሁሉ እንቁላሉን ጭድ በሞላው ቅርጫት አኑሮ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ይለጥፋል። አዱኛ ደግሞ ፎቶግራፎቹን በገመድ እየሳበ ይተርካል።

«ይህ ባሕሩ ነው። ውሃው መጣፈጡ! የአገሩ ሰው ጠዋት ጠዋት በቅል እየቀዳ ይጠጣዋል...»

«ውሸታም!»

ከአፏ አምልጧት ነው እንጂ ልትናገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ማን ነው ውሸታም?» አለ አዱኛ።

«አንተ ነሃ! ባሕር ይጠጣል? ይሄ ከጀርባህ የሚሸጠው ጨው ከሰማይ የዘነበ መሰለህ?»

ጨው ነጋዴዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አዱኛ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አንቺስ የት አየሽው?»

እዚህ ላይ ደነገጠች። «ገዳም ሳለሁ መነኮሳይያት ሲያወሩ ሰምቼ ነው» አለች።

«ኧረ! እንግዲያው እማሆይ፣ ይባርኩኛ!» ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ እጅ ነሳት። አሁን ደግሞ የተሳቀው በእሷ ነው። ጠባቸው እንዲህ ተጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ። አሰለፈች ገዳም ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወንድሟ ሀይሉ አባቷን ለሚያክል ሰው ሊድራት ሲል ጠፋች። በጭነት መኪና አስመራ ገባች፣ ከዚያ ወደ ምጽዋ ወረደች፣ አምስት ዓመት ሙሉ የአንድ የመርከብ ካፒቴን ቤት ልብስ አጠበች። እናቷ ታመመች የሚል ወሬ ሲደርሳት ተመለሰች። እናቷ «የት ነበርሽ ልጄ?» ብትላት «ገዳም» አለች፤ ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል? እናቷ ደስ ብሏት አረፈች። ሀይሉም የገዳሟ እህቴ እያለ በየማኅበሩ ይኮራባት ጀመር።

በዚያ ዘመን፣ በጋይንት፣ ባል ሳይኖራት ወደብ ከተማ የኖረች ሴት ስሟ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ስም እኔ እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ ከተሰማ ሀይሉ አንዲት ቀን አያሳድራትም። ሌላ ቤት ደግሞ የላትም። ስለዚህ ከዚያ ሳጥን መራቅ ነበረባት።

መቼ ራቀች! በሳምንቱ እንቁላል ይዛ መጣች።

«እማሆይ መጡ! መንገድ ልቀቁ!»

«አፍህን ዝጋና ገመድህን ሳብ» አለችና ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች።

ያ መንገድ ነው። ከእንጨት የተፈለፈለው ሰገነት ነው። በስተግራ ሦስተኛው መስኮት የእሷ ነበር፤ ነጭ የመርከበኛ ልብስ የምታሰጣው እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕሩ ሲመጣ ሸሚዞቹ ሁሉ ሰው ያለባቸው ይመስል ይነፉ ነበር። ተነሥታ ሄደች። መስታወቱን በእንባዋ እንዳረጠበችው ያወቀችው ዞር ስትል አዱኛ በእጀ ጠባቡ ጫፍ ሲጠርገው አይታ ነው። አልቀለደባትም። ይህም አናደዳት።

በሚቀጥለው አርብ ጩኸቱ ተለውጦ ጠበቃት። «ውሃው ጨው ነው! የቀመሰ ይተፋዋል!»

«ቃሌን ሰረቅከኝ» አለችው።

«አስተማሪ ሲገኝ ምን ላድርግ? ሌላስ ምን ተሳስቻለሁ?»

«ሁሉንም! ባቡሩ በባሕር ሥር አይሄድም፣ ደደብ። ከአስመራ ሲወርድ ተራራውን እየበሳ ነው የሚሄደው። ከተማይቱ ደሴት ናት፤ የሚገባባት ውሃው ላይ በተሠራ መንገድ ነው። በክረምት ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው፣ ከሙቀቱ የተነሣ።»

«መነኮሳይያቱ ይህን ሁሉ አወሩልሽ?»

«አዎ አወሩልኝ! ምን አገባህ?»

አየት አደረጋትና ገመዱን ሳበ። ከዚያ በኋላ አራት አርብ ተዋጉ። እሱ እያጣመመ ይጮኻል፣ እሷ እየሰደበች ታቃናለች። ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርቷን እየጎነጎነች የነገውን ስድብ ትመርጣለች፤ አንዳንዱ ሲያምርላት ብቻዋን ትስቃለች። ወድደሽዋል ብላችሁ ብትነግሯት ኖሮ በሽንኩርቱ ጉንጉን ጫፍ በመታቻችሁ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሀይሉ ገበያ ወጣና ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ይሰማ ነበር። እሷ አላየችውም። አዱኛ የባሕር ዳርቻውን ፎቶግራፍ ስቦ፣ «እነዚህ ደግሞ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን ናቸው» አለ።

«ጸበል! ጸበል ይለዋል ደግሞ! ጉርጉሱም ነው እኮ፣ ሰው ሊዝናና የሚሄድበት! አሸዋው እግር ይጠብሳል፣ ያለ ጫማ አትረግጠውም። ማዕበሉ ሲመጣ ጀርባህን ካልሰጠኸው ዓይንህን ያቃጥልሃል። ስትወጣ ጨዉ ገላህ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ እኔ ራሴ ስንቴ...»

ቆመች። ቃሉ ግን ወጥቷል።

«መነኮሳይያት ይዋኛሉ እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። ሀይሉ ነበር። የእጇን አንጓ ጨብጦ እየጎተተ፣ በገበያ ቀን ወይራ ሥር ችሎት ወደሚያስችሉት ወደ አጥቢያ ዳኛው ወደ ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ ወሰዳት። ገበያው ግልብጥ ብሎ ተከተለ።

«ጌታዬ፣ ይህች እህቴ የት እንደኖረች ትናገር! ካልሆነም ይህ ቀላማጅ ምን እንዳስተማራት ይጠየቅልኝ!»

ግራዝማች ወደ አዱኛ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ከየት አወቀችው?»

አዱኛ አሰለፈችን አያት። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም። ያን ጊዜ ሁሉን እንደሚያውቅ ገባት፤ መስታወቱን ከጠረገበት ቀን ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

«ከእኔ ነው ጌታዬ። እኔ ምጽዋ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። በየአርቡ የነገርኳትን ነው የምትደግመው። እሷ ከገዳሟ በቀር ምን ታውቃለች?»

«ይማል!» ብሎ ጮኸ ሀይሉ። «ወንጌል ይምታ!»

የአጥቢያው ቄስ ወንጌሉን አመጡ። በሐሰት ወንጌል የመታ ሰው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም፤ ነፍሱን ይሸጣል፣ ከዚያ ወዲያ በአገሩ የሚያምነውም የሚቀብረውም የለም። አዱኛ እጁን አነሣ።

ከእሷ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ብትል ቤቷም ስሟም ይተርፋል። ይህን ከርፋፋ ደግሞ ትጠላው የለ?

«እጅህን አውርድ!» አለች።

«አንቺ ዝም በይ» አላት አዱኛ።

«አላልም! ጌታዬ፣ ይህ ሰው ምጽዋን በሕልሙም አላያትም። የኖርኩት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት! በእጄ ልብስ አጥቤ፣ በላቤ በልቼ ኖርኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሃው ላይ ባለው መንገድ እሄዳለሁ፣ መርከብ ሲገባ አያለሁ፣ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ እበላለሁ። ዋኝቻለሁም። ማንንም አልበደልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር!»

ግራዝማች ወንጌሉ እንዲመለስ በእጃቸው አመለከቱ፤ «እንግዲህ እኔ የምፈርደው የለም» አሉ።

የፈረደው ሀይሉ ነው። «እህቴ ከእናቴ ጋር ተቀብራለች። ደጄን እንዳትረግጪ!» ብሎ እግሯ ሥር ተፋ። ሽንኩርቷን ልታነሣ ብትሄድ ካሣነሽ ቁናውን በእግሯ ገፋችላት። «ሁለተኛ አጠገቤ እንዳትዘረጊ» አለቻት። የአምስት ወር ጎረቤቷ ናት እንግዲህ።

አሰለፈች የደብረ ታቦርን መንገድ ያዘች። ብዙም ሳትርቅ ከኋላዋ የሳጥን ኮሽታ ሰማች። አልዞረችም።

«ምን ያስጮህሽ ነበር?» አለ አዱኛ እያለከለከ። «አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ!»

«ነፍስህን በእኔ ልታጠፋ? ማን ለመነህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ወድጄሽ ነዋ! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ?»

አሰለፈች ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታ እንደገና መራመድ ጀመረች። እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ አብረው ወረዱ።

«ሳጥንህ ይከብዳል?» አለችው በመጨረሻ።

«ይከብዳል።»

«እንግዲያው ቅርጫቱን ወዲህ በል። ሁሉንም ሰብረህ ልትጨርሰው ነው።»

እንቁላሉ ደብረ ታቦር ላይ ለመኪና ዋጋ ተሸጠ። ጎንደር ላይ በሰማንያ ተጋቡ፤ ሲፈራረሙም ብዕሩን እንዴት እንደሚይዝ ሰድባዋለች። አስመራ ደርሰው ባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ ተራራውን እየበሳ ወረደ፣ ብርዱ ሙቀት ሆነ፣ አዱኛም እንደ ሕፃን በመስኮት ብቅ ካላልኩ አለ። ምጽዋ ሲገቡ ግን ነጠላዋን ዓይኑ ላይ ጠምጥማ እየመራች ውሃው ዳር አቆመችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ባሕሩ ይሸተኛል» አለ። «ግለጪልኝ እንጂ!»

«ቆይ። መጀመሪያ እንቁላሌን!» ብላ መዳፏን ዘረጋች።

አዱኛ ኪሱን ዳሰሰ። እንቁላል ከየት ይምጣ? መዳፏን በዳበሳ አገኘና እጁን አስቀመጠላት።

«እንቁላሉ ይሻለኝ ነበር» አለች አሰለፈች። ነጠላውን በሌላው እጇ ገለጠችለት፤ የያዘችውን ግን አልለቀቀችም።