ስድስት ሰዓት፣ ቦዩ ዳር

ሻትሉ አውቶቡስ ኤመሪቪል ሱቆቹ ፊት ሲቆም ሦስት ሰው ወረደ፣ ሁለት ሰው ገባ።

ሁለተኛው «አጎቴ» የምትለው አለቃዋ ነበር።

ሸዋረጋ ዞራ አላየችውም። ከኋላዋ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ የሳል ከረሜላ ሽታ መጣባት።

«ቅዳሜ ሰው ይበዛል» አለ።

«እሑድ ይቀንሳል» አለች።

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ በወንበሩ ጎን ሾልካ እጇ ውስጥ ገባች።

«ውስጧ ፍላሽ አለ። ጭረቱ ሳይቀር ልክ የሰውየውን ነው የሚመስለው። ሲያቅፍሽ የአንገቱን ፈትተሽ ይሄን ታስሪበታለሽ።»

«የት?»

«ድልድዩ ሥር። ቀዛፊው የኛ ሰው ነው፣ ‹ዋናተኛ›። የነገው ሰዓት እንዳለ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በፈረንጆቹ ሰባት ሰዓት። የኛ ልጆች ከአምስት ጀምሮ ቦታ ይይዛሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ። ከጀልባው ስትወርጂ ነጭ መኪና ይጠብቅሻል።»

ስትወርጂ።

ይጠብቅሻል።

እስከ ትናንት «ስትወርዱ» ነበር። «ይጠብቃችኋል» ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስትሰልል የኖረች ሴት የአንድ ቃል ጭራ መቆረጡን ካልሰማች ምኑን ሰላይ ሆነች?

«እሱስ?» አለች። «እሱን ማን ይመልሰዋል?»

«እሱን ዋናተኛ ያውቃል።»

የመውረጃውን ደወል ጎተተና ወረደ። ሸዋረጋ ቆርቆሮዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁለት ማቆሚያ እስኪያልፍ ድረስ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ስሟ ሸዋረጋ አይደለም፤ እኛም እውነተኛ ስሟን አናውቅም። ቢሮው «ሽመላ» ይላታል። ቢሮው ደግሞ የማን እንደሆነ ተውት፤ አገር ቤት ያለ፣ ረጅም እጅ ያለው ቢሮ ነው። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። የተላከችው ለአንድ ሰው ነው፦ ለሃብተጽዮን።

ሃብተጽዮን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኤርትራዊ ነው፣ ግን አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከሷ የጠራ ነው። ሚስቱ ሞታለች። ኦክላንድ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጽባት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ቤቱ ካስትሮ ቫሊ ነው። ለሰላሳ ዓመት የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱን ምስጢር የሚያስቀምጥበት ካዝና አላመነም። አገር ቤት ሆነው የእስረኞችን ወረቀት በድብቅ ወደ ውጭ የሚልኩ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ያለበትን ፍላሽ ከማዕተቡ ጋር አስሮ አንገቱ ላይ ነው የሚያድረው።

ስምንት ወር ፈጀባት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንግዲህ እሷ ናት። መጀመሪያ የሌላት ቤት ቁልፍ አስቀረጸችው። ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ እሑድ እሑድ በእግር። ‹እርስዎ› ‹አንተ› ሆነ። አንድ ቀን ኦክላንድንና አላሚዳን በሚለየው ቦይ ዳር ሲሄዱ፣ ባልና ሚስት የያዘች ቀጭን ጀልባ አለፈች። ሃብተጽዮን ቆሞ አያት።

«እንዲህ ዓይነት ነገር ተሳፍሬ አላውቅም» አለ። «ዋና አልችልማ። አንቺ ካለሽ ግን እደፍራለሁ።»

ዋና እንደማይችል በዚያው ሳምንት ጽፋ ለቢሮው የላከችው እሷው ናት።

ሰውየው ነገሩን እንደ ቁልፍ ሥራ ያዘው። ሰዓት ሊመርጥ ሦስት ጊዜ ብቻውን ቦዩ ዳር ሄዶ ተቀመጠ፣ ጽፎም መጣ።

«ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው» አለ መነጽሩን አድርጎ። «ግን ጉሙ ብርድ አለው፣ ታስነጥሺያለሽ። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፊትሽን እንዳጨማደድሽ ምኑን ሮማንቲክ ይሆናል? ዘጠኝ ሰዓት ነፋስ ነው። በሐበሻ ማለቴ ነው፤ በፈረንጅማ ዘጠኝ ሰዓት ጠዋት ነው።»

ይህ አመሉ ነው። ሰዓት በተነሳ ቁጥር «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳይል አያልፍም። አንዴ በዚህ የተነሳ ሰርግ አምልጦታል።

«ስለዚህ ሲመሽ ይሁን» አለች ሸዋረጋ። ቢሮው የፈለገው እሱን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ድልድዩ ላይ ያለውን ሰው ዓይን ትወጋለች፣ ከሥሩ የሚሆነውን ማንም አያይም።

«እኔም እሱን ልልሽ ነበር!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ።

«ፍላሹን እንጂ ሰውየውን አንነካም» ብለዋት ነበር። አምናለች። ወይም ማመን ቀሏት ነበር፤ ሁለቱ አይለያዩም። አሁን ግን አውቃለች። ነገ ሃብተጽዮን ጀልባው ላይ ከወጣ አይመለስም።

ከሻትሉ ወርዳ አንድ ርካሽ ስልክ ገዛች። የሃብተጽዮንን ሞባይልና የቤቱን ስልክ ቢሮው ይሰማል። የሱቁን አሮጌ ስልክ ግን አልደረሱበትም። ሱቁ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ቀትር ላይ ቦዩ ዳር ታገኘዋለች። ልጆቹ ቦታ የሚይዙት ከዚያ ከአምስት ሰዓታት በኋላ ነው። እውነቱን ትነግረዋለች፤ ባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሲያትል እህቱ አለች። ማታ ላይ እሷ ብቻዋን ቆማ «አልመጣም» ትላለች።

ሕጉም ቀላል ነው። ከሃያ ሰከንድ በላይ ስልክ ላይ አይቆዩም።

«ሃሎ?»

«እኔ ነኝ። ዝም ብለህ ስማኝ። የነገው ሰዓት ተቀይሯል። ስድስት ሰዓት፣ እዚያው ና። ለማንም አትንገር፣ መልሰህም ኮል አታድርግ።»

«እሺ፣ በ—»

ዘጋች። አሥራ ስምንት ሰከንድ። ስልኩን ሰብራ ለሁለት የቆሻሻ ገንዳ አከፋፈለችው። በሥራዋ ኮራች።

እሑድ ቀትር ላይ ቦዩ ዳር ነበረች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል። ሰባት።

ፀሐዩ እንዳለውም አናት ይበሳል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዳል። ሃብተጽዮን የለም። ሞባይሉ ላይ መደወል እሱን ለቢሮው አሳልፎ መስጠት ነው። ቤቱ ደጅ የቢሮው ሰው ቆሟል። ሱቁ እሑድ ዝግ ነው፤ ከመንገድ ስልክ ሞከረችው፣ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ልቧ ቀለል አላት። ነቅቷል ማለት ነው! ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ሰምቶ ሸሽቷል። ሰላሳ ዓመት በስደት የኖረ ሰው እኮ ነው፣ አደጋ ይሸተዋል። «ተመስገን» አለች። ከስንት ዓመት በኋላ ከልቧ ያለችው ነው።

በፈረንጅ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰች። ብትቀር ይነቁባታል። ነጩ መኪና ቆሟል። አግዳሚው ላይ ሁለት ጎረምሶች አይስክሬም ይበላሉ። ዋናተኛ ጀልባዋን ይወለውላል፤ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ ሰው ነው።

«አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመሽ መጣሽ» አላት።

«አላስቻለኝም።»

ከዚያ አንድ ሰው ከመኪና ማቆሚያው በኩል ብቅ አለ።

ሱፍ ለብሷል። ፀጉሩን ተቆርጧል። ባንድ እጁ ቴርሞስ፣ በሌላው የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዟል።

ሃብተጽዮን ነበር።

«ቀድሜሽ ልደርስ አስቤ ነበር!» አለ እየተቻኮለ። «ባርበሩ አቆየኝ። ግን ይኸው፣ ስድስት ሊሆን አምስት ጉዳይ።»

ሸዋረጋ ሰዓቷን አየች። «ስድስት ሰዓት...»

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ ልልሽ ስል ዘጋሽብኝ እኮ። ኋላ ሳስበው፣ ቀትር ላይማ አናት ይበሳል ብዬሻለሁ፤ እሷ አሜሪካ ለምዳ ነው አልኩ።» ሳቀ።

ወይ ነዶ! በደነገጠች ጊዜ የቆጠረችው ሕፃን ሆና በለመደችው ሰዓት ነው። እሱ የሰማው ሰላሳ ዓመት በኖረበት። አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ እሷ በሕጓ ቆረጠቻት።

«ቤት እንሂድ» አለች። «በርዶኛል።»

«ለዚህ አይደል እንዴ ያመጣሁት!» ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

የዋናተኛ እጅ የሃብተጽዮንን ክንድ ይዞ ነበር። «ይግቡ አባባ።» ጎረምሶቹ አይስክሬማቸውን ጥለው ተነስተዋል።

ገቡ።

ጀልባዋ ቦዩን ይዛ ሄደች። ሃብተጽዮን ቴርሞሱን ከፍቶ በሁለት ኩባያ ሻይ ቀዳ። ሸዋረጋ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አስጠጋች። ለሚያያቸው ፍቅረኛሞች ናቸው።

«ስማኝ፣ አትዙር» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ ሰው ቀዛፊ አይደለም። እኔም ሸዋረጋ አይደለሁም።»

ኩባያው አፉ ጋር ሳይደርስ ቆመ።

«ፍላሹን ነው የሚፈልጉት። ስጠኝና ልስጣቸው። ምናልባት ይለቁሃል።»

ኩባያውን ጀልባዋ ወለል ላይ አስቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው?» አለ።

«ከመጀመሪያው።»

«ቁልፉስ? ያስቀረጽሽው?»

«በር የለውም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚሰማ ሁሉ። «አሥራ አንድ ሰው ነው» አለ። «ቤተሰብ ያላቸው ናቸው። አልሰጥም።»

ድልድዩ ደረሰ። ጥላው ወደቀባቸው። ዋናተኛ መቅዘፊያውን አንስቶ ወደነሱ ማየት ጀመረ።

ሸዋረጋ አንገቱ ላይ ያለውን ክር ያዘችና በጠሰችው። ማዕተቡንም ፍላሹንም ባንድ ላይ። ልታቅፈው እጇን የዘረጋች መስሎት አልተከላከለም።

«ይኸው!» ብላ ለዋናተኛ ወረወረችለት። «ሥራው አልቋል። መልሰን።»

አሥራ አንዱን ሰው በአንዱ ለወጠቻቸው። እያወቀች ነው ያደረገችው።

ዋናተኛ ፍላሹን ኪሱ ከተተና ጀልባዋን ወደ ደረጃው አስጠጋ። «አንቺ ውረጂ።»

«ሁለታችንም ነን።»

ጃኬቱን ገለጥ አደረገ። ሽጉጡ ታየ። «አንቺ ብያለሁ።»

ሃብተጽዮን አላያትም። እጁ አንገቱ ላይ ክሩ የነበረበትን ቦታ ይዳስሳል። አንድ ቃል ቢሰድባት ምን ነበረበት!

መውረድ አልነበረባትም።

ወረደች።

ለምን አልጮኸችም? ድልድዩ ላይ መኪና ያልፋል፣ ማዶ ሬስቶራንት አለ፣ ፖሊስ በአገሩ ሞልቷል። ፈራች። ሌላ ማብራሪያ የለውም፤ ፈራች። ጀልባዋ ጥምዝማዙን ዞራ ጠፋች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ከባድ ነገር ውሃ ሲመታ ሰማች።

ነጩ መኪና ውስጥ «አጎቴ» ከረሜላ አቀረበላት። ዋናተኛ ጀልባዋን አስሮ ፍላሹን አምጥቶለታል፤ ከጭኑ ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ አሥራ አንዱ ስም ተደርድሯል።

«ጎበዝ!» አለ። «እኔ እንኳ ያላሰብኩትን! ሰባት ላይ ቢሆን የቀዘፋ ክበቡ ልጆች ቦዩን ይሞሉት ነበር፤ ይኸው አሁን መጡ። ስድስት ላይ ማምጣትሽ... ዋናተኛ ራሱ ተደንቋል። እንዴት አድርገሽ ነው ሰዓቱን ያስቀየርሽው?»

«ደውዬ» አለች።

«ሰዓት መምረጥ ተሰጥኦ ነው።» አዲስ መታወቂያ ሰጣት። አይናዲስ ይላል፤ አድራሻው ሳን ሆዜ ነው። «ማክሰኞ ትነሺያለሽ። ካሁን በኋላ አንተዋወቅም።»

ማክሰኞ ወደ ሳን ሆዜ ስትሄድ ካስትሮ ቫሊ ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። ሕግ አይፈቅድም። ሄደች።

ለቅሶው ሃብተጽዮን ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። የኪራይ ወንበር ተደርድሯል፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠዋል። ማንም አላወቃትም። የሃብተጽዮን ወዳጅ መሆኗን ለማንም እንዳይነግር ያስማለችው ራሷ ናት፣ እሱም ቃሉን ጠብቋል።

ልጁ ፍረወይኒ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እዚሁ ያደገች ነርስ ናት፣ ዓይኗ አብጧል።

«ሶሪ፣ አማርኛዬ... ፖሊስ አክሲደንት ነው አሉ። በት ሱፍ ለብሶ ነበር። ፀጉሩን ተቆርጦ። ሁለት ኩባያ ነበር፣ ሁለት! ሰው አብሮት ነበረ፣ ራይት? ሁሉንም እየጠየቅሁ ነው።» እጇን ያዘቻት። «እርስዎ የአባቴ ምኑ ነዎት?»

ሴቶቹ ወደሷ ዞሩ። ሁሉም የምትለውን ይጠብቃሉ።

«በሥራ ነው የማውቃቸው» አለች።

ፍረወይኒ ራሷን ነቀነቀች። ሌላም ነገር ትጠብቅ ነበር፣ ሲቀር እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት። «ቴንክ ዩ ፎር ካሚንግ» አለች።

ሴትየዋ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ተነሳች። ከጋራዡ ስትወጣ ከኋላዋ አንዷ «ማናት?» ስትል ሰማች።

«እንጃ» አለች ሌላዋ። «ከሥራ ቦታው ነው መሰለኝ።»