የዋናው ሶፋ ቤት ሰላምታ

«ዋናው» ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም። «ዋናው እኔ ነኝ» ማለት ስለሚያዘወትር ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ሶፋ ሰሪ ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ቁልፉን ከበሩ ሳይነቅል ዞር ይልና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ያያል። እዚያም ሶፋ ይሠራል። የሚሠራው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቂሙ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። አባታቸውም ሶፋ ሰሪ ነበሩ። ዋናው ትምህርቱን አቋርጦ፣ አሮጌ ምስማር ሲነቅል ጣቱ እየደማ ነው በዚያ ሱቅ ያደገው። ታናሹ ዘግይቶ መጣ። እንግዳ ሲመጣ ግን አባትየው የሚያሳዩት የታናሹን ስፌት ነበር። «ይቺን መስመር እዩልኝ፣ የትንሹ እጅ ናት» ይላሉ፤ ትልቁ አጠገባቸው ቆሞ። አንዴማ አንዲት ደንበኛ ዋናው የሠራው ሶፋ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው «ተባረክ» ያሉት ታናሹን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያልደረሰበት ሰው ቀላል ይመስለዋል።

አባታቸው ካለፉ በኋላ ሱቁ ከነኪራዩ ለትልቁ ቀረ፤ ታናሹ ማዶ ተከራየ፣ በስልኩም የሱቁን ገጽ ከፈተ። ገጹ ላይ የተቦዳደሰ ሶፋ ሲገባና ታድሶ ሲወጣ ይታያል። ሰው ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ቀስ በቀስ የሰው እግር ወደ ማዶ አመዘነ። የዋናው አከራይም ነገሩን አይተው፣ «ሥራ ካልመጣ የፊቱን ክፍል ለሞባይል ሻጭ እሰጠዋለሁ፤ አንተ ከኋላ ትሠራለህ» አሉት። የፊቱ ክፍል ማለት መስታወት ያለው፣ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የሰፉበት ነው።

ያን ጊዜ ነው የዋናው ሚስት፣ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፣ «እኛም ገጽ እንክፈት» ያለችው። ከሥራ ስትመለስ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በል፣ ከላይ ያንን አረንጓዴ ሶፋ እናድርገው። ሳይታደስና ታድሶ፣ ጎን ለጎን።»

«የኔን ፎቶ አድርጊው።»

«አንተ ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ማን መሆኔን ይወቁ ነው የምልሽ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚፈልገው ሶፋ ነው። ሲገባ ሥራህን ይይ፣ ስልክህን ያግኝ፣ ሲጠይቅህ ቶሎ መልስለት። በቃ።»

«እሱ ደንበኛዬን እያታለለ ሲወስድ ዝም ልበል?»

«ምን አታለለ? ሲጠይቁት መለሰ እንጂ።»

«አንቺም የሱ ደጋፊ ሆንሽ!»

እሷም ደከማት። ገጹን ለጎበኘና ለጻፈ ሰው ሁሉ በራሱ የሚሄደው ሰላምታ የት እንደሚጻፍ አሳይታው፣ «እንካ፣ እንደፈለግህ አድርገው» ብላ ተነሳች። ዋናው ክንዱን አጣምሮ የተነሳውን ፎቶ ከላይ ለጠፈና ሰላምታውን በገዛ ጣቱ ጻፈ፦ «እንኳን ወደ ዋናው ሶፋ ቤት መጡ። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጋር ግንኙነት የለንም። እሱ ሙያውን የተማረው ከኛ ነው። እንዳይሸወዱ።» ደጋግሞ አነበበው፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ከእጁ አላወረደም። የሚያየው ግን የራሱን ገጽ አልነበረም፤ የወንድሙን ነበር። ማን ላይክ አደረገ? ማን «እጅህ ይባረክ» አለ? የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ አንዱን ሶፋ አድንቆ ቢያገኘው፣ «የዚህም ሰውዬ ዳቦ እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ሌላ ዳቦ ቤት ተመላለሰ። እንዲህ ቆሽቱ ሲያር ነው አንድ ቀን ስልኩ ላይ መልእክት የገባው። የወንድሙን አስተያየቶች እያነበበ ነበርና ሳይከፍተው በጣቱ ገፋ አደረገው።

በሳምንቱ አንዲት ፒክአፕ መንገዱ ላይ ቆመች። ሹፌሩ ልባሱ የተቀደደ የእንግዳ ወንበር ይዞ ወደ ማዶ ሲሻገር ዋናው አየ። ከኋላ የምትከተለው ሴትዮ አንገቷ ላይ የክሊኒክ መታወቂያ አንጠልጥላለች። እግሩ እንዴት እንዳሻገረው አያውቅም።

«እመቤቴ፣ ዋናው ሶፋ ቤት እኮ እዚያ ነው!»

ሴትዮዋ አየችውና በፎቶው አወቀችው። «ለእርስዎም ጽፌ ነበር» አለች።

«መቼ?»

ስልኳን አውጥታ አሳየችው። «የክሊኒካችን ወንበሮች ሽቦ እያወጡ በሽተኛ ይወጋሉ፤ የሚታጠብ ልባስ አላችሁ?» ይላል። ከሥሩ የሱ ሰላምታ። «ልባሱስ?» ብላ እንደገና ጽፋለች። ከሥሩ ያው ሰላምታ።

«እኔ ስለ ወንበር ጠየቅኩዎት፣ እርስዎ ስለ ጎረቤትዎ መለሱልኝ» አለች። «ፊት ለፊት ሱቅ መኖሩን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ገጻቸው ገባሁና ጠየቅኩ፤ ወዲያው የጨርቅ ናሙና ላኩልኝ።»

ታናሹ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። «ጋሼ! ደህና አደርክ?»

«ወንድምዎ ነው እንዴ?» ሴትዮዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

ታናሹ የሴትዮዋን ስልክ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ቢሆንም እንዲህ አለ፦ «ይሄስ እውነት ነው። መቀስ አያያዝ ያሳየኝ እሱ ነው።»

ይህን ቃል ዋናው በደንበኛ ፊት ለመስማት ስንት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን ሲሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወደ ሱቁ ተመለሰ።

የክሊኒኩ ወንበሮች ሁሉ ተራ በተራ ማዶ ገቡ። አከራዩም እንዳሉት አደረጉ፤ አባትየው የሰፉበት ክፍል የሞባይል መሸጫ ሆነ። ዋናው ዛሬ የሚሠራው መስኮት በሌለው የኋላ ክፍል ነው፣ መንገደኛም አያየውም። ሥራው ለሰው የሚታየው በዚያች ገጽ ብቻ ሆነ።

ሚስቱን «በይ እስቲ አሳዪኝ» ያላት ያን ጊዜ ነው። «ምን ብዬህ ነበር?» ብትለው መብቷ ነበር፤ አላለችውም። የሱን ፎቶ አወረዱና በቦታው አረንጓዴውን ሶፋ አደረጉ። ሰላምታውም ተለወጠ፦ «እንኳን ደህና መጡ። ምን እናድስልዎ? ፎቶውን ይላኩልን፤ አይተን ዛሬውኑ እንመልስልዎታለን።»

ሱቅ ከፍታችሁ ገጽ ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ቅናት በምክር አይለቅም፤ የተበደለ ሰውም በደሉን በአንድ ቀን አይረሳም፣ ርሳ የሚለውም ያልተበደለ ነው። ነገር ግን ወደ ገጻችሁ የሚመጣ እንግዳ የቤቱ ሶፋ የተቀደደበት ሰው ነው። ከማን እንደተጣላችሁ ሊሰማ አልመጣም። የጠየቀውን መልሱለት።

ዋናው አሁን የሚጽፍለትን ሁሉ ይመልሳል። በቀደም አንድ ሰው የመኪና ወንበር ልባስ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀው። ዋናው የመኪና አይሠራም። ታናሹ ይሠራል። «አንሠራም» ብሎ ጻፈና ጣቱ ቆመ። ሚስቱ ከወዲያ ታየዋለች። የግንባሩን ላብ በእጅጌው ጠረገና ቀጠለ፦ «ወንድሜ ይሠራል፣ እጁ ጥሩ ነው። ስልኩ ይኸውልዎት።»

ደጋግሞ አነበበው፤ ልቡ ቅቤ አልጠጣም። ላከው።